የጋራው ቤት ሲከራይ የእጅ ሥራ ወዴት ይግባ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ በእኔ እጅ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ የውሃ ፈረቃ፣ የጥበቃ መዋጮና የደረጃ ጽዳት ተራ ነው። አንዳንዶቻችሁም የእኔን ጽሑፍ ስታዩ «ደግሞ ምን አምጡ ሊለን ነው» እያላችሁ እንደምታልፉ ደርሼበታለሁ። አልፈርድም፤ እኔም ብሆን አልፍ ነበር። የዛሬው ግን መዋጮ አይደለም፤ የኮሚቴው ውሳኔም አይደለም። የራሴ የጸሐፊው አስተያየት ስለሆነ ሊቀ መንበሩን አስፈቅጄ ማኅተም ሳላሳርፍበት ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊታችን እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ለሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ከተያዙት አጀንዳዎች ሁለተኛው የጋራው ቤት ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚለው ነው። የጋራው ቤት የምንለው ያው ኮሚናል እያልን የምንጠራው፣ ከብሎካችን ጀርባ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በየግቢው እንዲህ ያለ ቤት አብሮ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በግ የሚያርድበት፣ ብርድ ልብስ የሚያጥብበት፣ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ድግስና ለቅሶ ሲመጣ እንግዳ የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዳያጣ ተብሎ ነው። የእኛው ግን ከዓመት በዓል በግ በቀር ሥራ የለውም። እንጀራውን ሁሉም ሰው በየቤቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፣ ወይም ይገዛል። ስለዚህ ቤቱ ተቆልፎ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።

አሁን አንድ ነጋዴ ሁለቱንም ክፍል ለዕቃ ማከማቻ ልከራይ ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል። እከፍላለሁ ያለው ኪራይ የሁለቱን ጥበቃዎች ደመወዝ ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። የጥበቃ መዋጮ ለመሰብሰብ በየወሩ ስንት በር እንደማንኳኳ፣ ስንት ጊዜ «ነገ» እንደምባል የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ መጀመሪያ ደስ ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባዔውንም «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ኋላ ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሳፋ ነው።

ባለፈው መስከረም ከብሎካችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ እናት ኮሪደሩ ላይ ስንደዶ በሳፋ ነክረው አስቀመጡ። ስፌት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስንደዶውም ሆነ አክርማው ደረቁን አይሰፋም፣ ይሰበራል። ውሃ ጠጥቶ መለስለስ አለበት። አለላ የሚሆነው ደግሞ በቀለም መቀቀል፣ ከዚያም ተዘርግቶ መድረቅ ይፈልጋል። እሳቸው የሚኖሩት ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር። አልጋና የቡና ረከቦት ሲገባ ቤቱ ይሞላል። ይህን ሁሉ የት ያድርጉት? ኮሪደር ላይ አደረጉት። ታዲያ አንድ ቀን የቀለሙ ድስት ተገለበጠና ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛ ያለው ደረጃ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። የአንድ ነዋሪ ነጭ ጫማም አብሮ ተነከረ። አቤቱታ መጣ። ኮሚቴው ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ።

ደብዳቤ ስጽፍ ደግሞ እጄ ይበረታል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም የመሥሪያ ቤት ቃል አላጣም። በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ጠቀስኩ፤ ኮሪደርና ደረጃ የሁሉም የጋራ ንብረት መሆኑን ገለጥኩ፤ «በ24 ሰዓት ውስጥ ባያነሡ ግን ማኅበሩ አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል» ብዬ ዘጋሁ። ምን እርምጃ እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ማኅተሙን ረገጥ አድርጌ መታሁና በበራቸው ሥር አሾለኩት።

እኚህ እናት ማንበብ አይችሉም። ሊያስነብቡ የመጡት የት መሰላችሁ? እኔ ቤት። እኔ አልነበርኩም። ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እሳቸውም ማን ፈረመው ብለው አልጠየቁም። «ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ወጡ። ማታ ስገባ ልጄ ሰላም ያለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። እናቷ ናት የነገረችኝ።

በማግስቱ ሳፋው ተነሣ። ደረጃው ታጥቦ ጸዳ። የኮሚቴው አባላትም «ጸሐፊያችን ሥራ ያውቃል» አሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከሥራ ስገባ እኚህን እናት መግቢያው ላይ ባለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ አየኋቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው መኪና ያያሉ። ሰላም ብያቸው፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ «እማማ፣ ስፌቱስ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። «ተውኩት ልጄ» አሉኝ። «አልጋ ሥር አስገባሁት። ግማሽ ደርሶ ነበር። ችግሩ፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቡ ይመጣብኛል።» ባለቤታቸው ካረፉ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። መሶቡ ለልጅ ልጃቸው ነበር። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነገሩን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ተደብቆ ነው የሚሠራው። አንዷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትነድፋለች፤ ብናኙ ልጇን እያሳለው። አንድ ጡረተኛ አሮጌ ሬዲዮ የሚፈታው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው፤ መብራቱ የሚሻለው እዚያ ስለሆነ። እኔም ራሴ ከዕቃ ሳጥን ጣውላ ዱካ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ሦስት እግር ነበረው፤ ሦስቱም ቁመታቸው ለየብቻ ነው። ባለቤቴ ካርቶን አጥፋ ካንዱ እግር ሥር አስገባችና «ይኸው አሁን ቆመልህ፣ ጎረቤት እንዳይመጣ ብቻ» አለችኝ። መዶሻዬን የማነሣው እሁድ ጠዋት ስለሆነ ከበላዬ ያሉት ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ወለሉን በዱላ ደብድበውብኛል። ለእኔ ግን ደብዳቤ የጻፈ የለም፤ ጸሐፊው እኔ ነኛ።

የሚሉኝን አውቃለሁ። «በዚህ የኑሮ ውድነት ጊዜ ስለ ስንደዶ ታወራለህ እንዴ? የፕላስቲክ መሶብ ገበያ ሞልቶ የለም?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሞልቷል። እኔ ቤትም አንድ አለ። የእጅ ሥራ ያዋጣል፣ ያበለጽጋል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ስፌት በጊዜው ቢታሰብ ያዋጣል የሚል ሰው ካለ ሰፍቶ አያውቅም። ከታች ከመሐሉ አንድ ጣት በማታክል ክብ ተጀምሮ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ዙር በዙር ላይ እየተጠመጠመ፣ በቤት ሥራ መሐል መሶብ እስኪደርስ ወራት ይሄዳል። ያንን በቀን ሥራ ዋጋ ብታሰሉት መሶቡን የሚገዛው ሰው አይገኝም። ፈትልም እንደዚያው ነው። በገንዘብ ሚዛን ከተመዘነ ኪሳራ ነው፣ አበቃ።

ነገር ግን እናቴ ስትፈትል ነው ያደግሁት። ጥጡን ከፍሬው በመዳመጫ ለይታ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ካደረገችው በኋላ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሽክርክር ስታደርግ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ቡና እየፈላ ትፈትላለች፤ እኛን እየተቆጣች ትፈትላለች፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር እንዝርት ከእጇ አይለይም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የእሷ ቀበሌ ሲደርስ ገና ወጣት ነበረች፤ ፊደል ለመቁጠር የሄደችው እንዝርቷን ይዛ ነው። አስተማሪው ተማሪ ልጅ «እትዬ፣ ይኼን ያስቀምጡና ፊደሉን ይዩ» ቢላት «ዓይኔ ያንተ ነው፤ እጄ መንገዱን ያውቃል» አለችው አሉ። ፊደሉንም ፈትሉንም ይዛ ወጣች። የሞላውን ልቃቂት እያጠራቀመች ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእሷ። እኔ ሳገባ የሰጠችኝ ጋቢ አራት እጥፉ ሁሉ ማጉ ከእጇ የወጣ ነው። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ማታው በርዶኝ እሱኑ ለብሼ ነበር። ይህን ያስታወስኩት በኋላ ነው።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ልጆቻችን ስልክ ላይ ተጣዱ እያልን ሁላችንም እናማርራለን፤ በየስብሰባው ይነሣል። እኔ ግን ስልኩን ብቻ አልወቅስም። ልጄ ዳንቴል መሥራት የጀመረችው ከስልክ ነው፤ ዩቲዩብ አይታ። ኪሮሽና ክር ግዙልኝ አለች፣ ገዛንላት። ክብ የጠረጴዛ ልብስ ልሠራ ነው ብላ ጀመረች፤ አምስተኛው ዙር ላይ እንደ ቆብ ጎበጠባት። ፈታችው፣ እንደገና ሠራችው፣ እንደገና ጎበጠ። ስልኩ «እንዲህ አድርጊ» ይላል እንጂ የእሷን እጅ አያይም። ከምድር ቤት ያሉ አንዲት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አገኟትና አንድ ጊዜ አይተው «ክሩን በጣም ትስቢያለሽ፤ ደግሞ በየዙሩ መጨመር ያለብሽን ዐይን አልጨመርሽም፤ ለዚህ ነው የሚሰበሰብብሽ» አሏት። አለቀ። አሁን ቴሌቪዥናችን ላይ የተነጠፈው እሱ ነው። የጎበጠውን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ቆብ አድርጎታል።

ታናሹ ሌላ ዓይነት ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥለውት ከሄዱት ሽቦ መኪና ሠራ። ቆርኪ ጎማ አደረገለት፤ ረጅም ዘንግ አውጥቶ ጫፉ ላይ መሪ አጥፎለት ቆሞ ይነዳዋል፤ የፊት ጎማው በእውነት ይዞራል። እንዴት አድርጎ እንዳጋጠመው ብጠይቀው «ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ፣ ከዚያ ገባኝ» አለኝ። እኔ ልጅ ሆኜ መርካቶ ምናለሽ ተራ አባቴ ሲወስደኝ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ ጫማ ሲወጣ ቆሜ እያየሁ አልሄድም ስል በጆሮዬ ጎትቶኛል። ልጁ ሽቦውን ሲያጣምም ፊቱን ሳይ ያ ቀን ይመጣብኛል። ታዲያ የት ይሠራዋል? ኮሪደር ላይ። ማን ያባርረዋል? ጥበቃው። ጥበቃውን ማን አዘዘው? እኔ።

ደግሞ የእጅ ሥራ የድህነት ምልክት የሚመስላቸው አሉ። «ፎቅ ወጥተን ደግሞ ስፌት?» የምትል አንዲት እህት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሐረር የሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ በ1998 ዓ.ም. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው የሐረሪ ቤት ስፌት ጓዳ አይደበቅም። ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅሎ እንግዳው የሚያየው እሱን ነው። የቤቱ ሴቶች ሙያ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኛ ደግሞ አልጋ ሥር እናስገባዋለን።

እንግዲህ ምን ይሁን ነው የምለው? ኪራዩን እንተወው አላልኩም። የጥበቃ ደመወዝ በአለላ አይከፈልም። ነጋዴውን በግሌ አነጋግሬዋለሁ። ትልቁን ክፍል ብቻ ከሆነ ካሰበው ኪራይ ከሦስት እጅ ሁለቱን እከፍላለሁ ብሏል። የቀረው አንዱ እጅ ለየቤቱ ሲካፈል በወር ከሁለት ስኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም፤ ሂሳቡን ሠርቼ ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ፣ ማየት ይቻላል። ትንሹ ክፍል ይቅርልን። ውሃ ያለው እሱ ነው፤ ወለሉ ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ አለው፤ መስኮቱም በሁለት በኩል ስለሆነ ብርሃን ይገባዋል። ስንደዶ ቢነከርበት፣ ቀለም ቢደፋበት የሚቆሽሽ ደረጃ የለም። ለቅሶ ሲመጣ ትልቁ ክፍል ያስፈልገን ነበር የሚል ካለ፣ እስካሁን ለቅሶ የተቀመጥነው በብሎኮቹ መሐል በሚተከለው ድንኳን እንጂ እዚያ ቤት ውስጥ እንዳልሆነ ያስታውስ። በጉም የሚታረደው ከቤቱ ውጭ ባለው ሲሚንቶ ላይ ነው፤ እሱን የሚነካው የለም።

ሥርዓት ያስፈልገዋል፣ አልክድም። መዶሻና መጋዝ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይነሣም፤ እሁድ ጠዋትም ጭራሽ፤ ይህን መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። ቀለም የሚቀቅል ሰው ምድጃውን ደጅ ያውጣ፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይነድም፤ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል። ጥጥ የሚነድፍ ሰው መስኮት ይክፈት። የተረፈ ሽቦና ሚስማር መሬት ላይ አይጣል፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን አለን። ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ሳያጨቃጭቀን አይቀርም። እኔ በበኩሌ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት ጡረተኛ ቢይዙት ይሻላል እላለሁ፤ ሬዲዮአቸውንም ከመታጠቢያ ቤቱ በር ያወጡልናል።

አንድ ነገር ግን እሰጋለሁ። ክፍሉ ቢፈቀድ እንኳ «የእጅ ሥራ ማዕከል» ምናምን ብለን ኮሚቴ እናቋቁምለታለን፤ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ መመዝገቢያ ደብተር። ከዚያ ሰዉ ይሸሻል። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ይህን ማለቴ ያስቃችሁ ይሆናል፤ ግን ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው የማውቀው። በሩ ተከፍቶ፣ ወንበር ገብቶ፣ አምፖሉ ተቀይሮ ይተው። ያወቀ ላላወቀ ያሳያል፤ ዳንቴሉ ደረጃ ላይ እንደተቃናው።

እኚያን እናት ባለፈው ቅዳሜ በራቸውን አንኳኩቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ገብቼ እንድቀመጥ ግድ አሉኝና ቡና አፈሉልኝ። አልጋቸው ሥር ያለውን መሶብ አሳዩኝ አልኳቸው፤ ጎትተው አወጡት። ተሰፍቶ ያለቀው እስከ ወገቡ ነው፤ ያ ደረጃችንን ያጠቀረው ሐምራዊ እዚያ ላይ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። «ክፍሉ ቢፈቀድ ይጨርሱታል?» አልኳቸው። «ይፈቀድና እናየዋለን» አሉኝ። እኔም የተናገርኩትን ተስፋ ላላሟላ እችላለሁ፤ ድምፁ የእናንተ ነው።

የጋራው ቤት ቁልፍ እስከ እሁድ ድረስ እኔ ዘንድ ነው። ትንሹን ክፍል ገብቶ ማየት የሚፈልግ ካለ ከሥራ ስመለስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ቢያንኳኳ ወርጄ እከፍትለታለሁ። አምፖሉ ስለተቃጠለ ባትሪ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ